ያማረ ኮሌስትሮል፣ የከፋ ዜና፦ የደም ምርመራ በመጦሪያ ስለሚኖሩ አረጋውያን ምን ይነግረናል?

የ88 ዓመት እናት በአረጋውያን መጦሪያ ይኖራሉ እንበል። የደም ምርመራ ተደርጎላቸው የላቦራቶሪው ወረቀት መጣ። ከሁለት ዓመት በፊት 220 የነበረው ኮሌስትሮላቸው፣ አንድም የኮሌስትሮል መድኃኒት ሳይወስዱ፣ ዛሬ 140 ሆኗል። ልጃቸው ወረቀቱን አይታ «ተመስገን፣ እማዬ ኮሌስትሮሏ ወረደላት!» ትላለች። ሐኪሙ ግን ፊቱ አልተፈታም። ለ50 ዓመት ጎልማሳ የምሥራች የሚሆነው ይህ ቁጥር፣ በእኚህ እናት ላይ ሲታይ ውስጥ ውስጡን የሚጨርሳቸው ነገር እንዳለ ሊጠቁም እንደሚችል ያውቃል።

ነገሩ ግራ ያጋባ እንጂ አዲስ አይደለም። በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ዕድሜያቸው 85 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 724 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጥናቱ መሠረት ጠቅላላ ኮሌስትሮል በሊትር አንድ ሚሊሞል፣ ማለትም በዴሲሊትር 39 ሚሊግራም ገደማ፣ ከፍ ባለ ቁጥር የመሞት ዕድል በ15 በመቶ ዝቅ ይል ነበር። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለው አዛውንት በካንሰርና በኢንፌክሽን የሚሞቱትም ያነሱ ነበሩ።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ስብ እናብላቸው» ለማለት መቸኮል አይገባም። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን አካል፣ በተለይም ጉበት ነው። ሥር የሰደደ በሽታ፣ ድብቅ ኢንፌክሽን፣ ገና ያልታወቀ ካንሰር ወይም የምግብ ፍላጎት መጥፋት ሰውነትን ሲያዳክም ይህ ምርት ይወርዳል። እዚህ ላይ ሰውየው የደከመው ኮሌስትሮሉ ስለወረደ አይደለም፤ ኮሌስትሮሉ የወረደው ሰውየው ስለደከመ ነው። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ካልተለየ ከዚህ በታች የሚነሳው ቁጥር ሁሉ ወደ ተሳሳተ ሕክምና ይመራል።

ስንቁ ስንት ቀረ?

በመጦሪያ የሚኖሩ አረጋውያን ቀሪ ዕድሜ ሲጠና ተደጋግመው የሚነሱት የደም ጠቋሚዎች ብርቅ ምርመራዎች አይደሉም። አብዛኞቹ በየትኛውም ላቦራቶሪ በየቀኑ የሚሠሩ ናቸው። ቀዳሚው አልቡሚን ነው። አልቡሚን ጉበት የሚሠራው፣ ውሃን በደም ሥር ውስጥ ይዞ የሚያቆይ፣ መድኃኒትና ሆርሞን የሚሸከም ፕሮቲን ነው። ጤናማ ልኩ በዴሲሊትር ከ3.5 እስከ 5 ግራም ሲሆን፣ በደም ውስጥ ያለው በግማሽ እስኪቀንስ 20 ቀን ያህል ይፈጃል። በ1994 በአሜሪካ የወጣ፣ 71 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ከ4,000 የሚበልጡ ሰዎች የተከታተለ ጥናት፣ አልቡሚናቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። አልቡሚኑ ዝቅ ብሎ፣ በዚያ ላይ ራስን ችሎ መንቀሳቀስ ሲያቅት አደጋው ይበልጥ ይከፋ ነበር።

ለብዙ ዓመታት ዝቅ ያለ አልቡሚን ሲታይ «አልበሉም ማለት ነው» ይባል ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እንዲያ ይባላል። ልማዱ ግን ስህተት ነው። ከምግብ ርቀው አጥንታቸው እስኪወጣ የከሱ የአኖሬክሲያ ታማሚ ወጣቶች እንኳ አልቡሚናቸው ብዙ ጊዜ ጤናማ ልክ ላይ ይገኛል። አልቡሚንን በዋናነት የሚያወርደው ብግነት ነው፤ ሰውነት ከጀርም ወይም ከጉዳት ጋር ሲታገል የሚያስነሳው ቁጣ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጉበት ሥራውን ቀይሮ ለውጊያው የሚያስፈልጉትን ፕሮቲኖች ማምረት ይጀምራል፤ የአልቡሚን ምርት ይቀንሳል፤ ያለውም ከደም ሥር ወደ ውጭ ይሰርጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 2.9 ያየ ሰው ገንቢ ምግብ አዝዞ ከመገላገሉ በፊት፣ ከመተኛት ብዛት የመጣ ቁስል ጀርባቸው ላይ እንዳለ፣ ጥርሳቸው መግል እንደያዘ፣ ሳንባቸው እንደታመመ ቢፈትሽ ይሻላል።

ብግነቱን በቀጥታ የሚያሳየው ሐኪሞች በአጭሩ ሲአርፒ የሚሉት ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ነው። በ1930 በኒውዮርክ ሮክፌለር ተቋም፣ በሳንባ ምች ከታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ ነው የተገኘው። ኢንፌክሽን ሲነሳ በሰዓታት ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ምክንያቱ ሲጠፋ በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይመለሳል። በአረጋውያን ዘንድ ይበልጥ የሚያሳስበው እንዲህ ወጥቶ የሚወርደው አይደለም፤ ወራትና ዓመታት ሳይበርድ የሚቆየው ዝግ ያለ ግለት ነው። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቼስኪና ባልደረቦቹ በ2000 ለዚህ ነገር ብግነትንና እርጅናን በአንድ ቃል ያጣመረ ስም አወጡለት። ይህ የማይበርድ ብግነት ጡንቻን ይበላል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሰውነት ያለውን የብረት ማዕድን ለደም መሥሪያ እንዳያውለው ያግዳል።

ከዚያም ደም ማነስ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 ባስቀመጠው መስፈርት፣ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) በዴሲሊትር በሴት ከ12፣ በወንድ ከ13 ግራም ሲያንስ ደም ማነስ ይባላል። በመጦሪያ ከሚኖሩት ግማሽ ያህሉ በዚህ መስፈርት ደም ማነስ አለባቸው፤ በየቤታቸው ከሚኖሩ እኩዮቻቸው በብዙ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ከሁሉ አሳሳቹ ክሬአቲኒን ነው። ከጡንቻ የሚወጣ፣ ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወግደው ነገር ስለሆነ፣ በደም ውስጥ ሲበዛ ኩላሊት ደክሟል ይባላል። ለጎልማሳ ይህ ይሠራል። ጡንቻቸው ባለቀ አረጋዊ ሰውነት ውስጥ ግን መጀመሪያውኑ የሚመረተው ትንሽ ነው። 0.6 የሚል ቁጥር ሲታይ የወጣት ኩላሊት ይመስላል፤ እውነቱ ግን ጡንቻው አልቆ ኩላሊቱም ደክሞ ሊሆን ይችላል። በዚህ ቁጥር ተማምኖ የታዘዘ መድኃኒት ደግሞ ከአቅም በላይ ሆኖ ይጎዳል። በጡንቻ መጠን ብዙም የማይነካው ሲስታቲን ሲ የተባለው መለኪያ ተፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው። በ2005 የወጣ፣ 4,637 አረጋውያንን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት፣ ማን ቀድሞ እንደሚሞት በመጠቆም ረገድ ሲስታቲን ሲ ክሬአቲኒንን እንደሚያስከነዳው አሳይቷል።

ኮሌስትሮል፣ አልቡሚን፣ ሄሞግሎቢን፣ ክሬአቲኒን። አራቱም በዚህ ዕድሜ ሲወርዱም እንደሚያስፈሩ አንባቢ አስተውሎ ይሆናል። በጎልማሳነት የምንፈራው መብዛትን ነው፦ ስኳር በዛ፣ ቅባት በዛ፣ ግፊት ጨመረ። ዕድሜ ገፍቶ ሰው ወደ መጦሪያ ሲገባ የሚያስፈራው ማነስ ይሆናል። ረጅም መንገድ የተጓዘ ሰው ስንቁ እንደሚያልቅበት፣ ሰውነትም ጉንፋን፣ ስብራት ወይም የሙቀት ማዕበል ሲመጣ የሚያወጣው ቅምጥ ነበረው። እነዚህ ቁጥሮች በአንድም በሌላም መንገድ የሚለኩት ያንን ቅምጥ ነው። አንዱን በሽታ ለይተው አይናገሩም፤ ስንቁ ወደ ማለቁ መሆኑን ግን ይናገራሉ።

ከመቶው ስንቱን ያውቃል?

አዳዲሶቹ ምርመራዎች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። በ2014 የኢስቶኒያ ተመራማሪዎች 9,842 ሰዎችን አጥንተው፣ አልቡሚንን ጨምሮ አራት የደም ጠቋሚዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ማን እንደሚሞት በመጠቆም ጎልተው እንደሚወጡ ገለጹ፤ ውጤቱ በፊንላንድ 7,503 ሰዎች ላይም ተፈትሾ ጸንቷል። በ2019 ደግሞ 44,168 ሰዎችን ያሰባሰበ ጥናት 14 ጠቋሚዎችን አንድ ላይ አድርጎ ቀመር ሠራ። የእንዲህ ያለ ቀመር ብቃት የሚለካው እንዲህ ነው፦ አንዱ የሞተ፣ ሌላው በሕይወት ያለ ሁለት ሰዎች ይወሰዱና፣ ቀመሩ ለሞተው ከፍ ያለ የአደጋ ነጥብ ሰጥቶ እንደነበር ይታያል። ሳንቲም በመወርወር ብቻ ከመቶ ጥንድ 50ው ይገኛል። የ14ቱ ጠቋሚዎች ቀመር 83 ገደማ አገኘ፤ በተለመዱት መለኪያዎች የተሠራው ደግሞ ከ77 እስከ 79።

ቁጥሩ ያስደምማል። ለመጦሪያ ግን እንዳለ አይወሰድም። እነዚህ ጥናቶች ወጣቱንም ሽማግሌውንም፣ ጤነኛውንም በሽተኛውንም አደባልቀው ስለያዙ ልዩነቱ በቀላሉ ይታያል። የ30 ዓመት ጤነኛና የ85 ዓመት ታማሚ ጎን ለጎን ቆመው ማን እንደሚቀድም ለመናገር ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። መጦሪያ ውስጥ ግን ሁሉም አርጅቷል፣ ሁሉም ሁለት ሦስት በሽታ አለበት፣ አልቡሚኑም ሄሞግሎቢኑም በብዙዎቹ ዘንድ ዝቅ ብሏል። ሁሉም በደከመበት ቤት የደከመውን መለየት ሌላ ፈተና ነው። በ2010 በአሜሪካ የወጣ፣ የመርሳት በሽታቸው ለከፋ የመጦሪያ ነዋሪዎች የተዘጋጀ 12 ነጥቦች ያሉት መመዘኛ (የደም ምርመራ የለበትም፤ ዕድሜን፣ የክብደት መቀነስን፣ የአልጋ ቁራኛ መሆንን፣ ትንፋሽ ማጠርንና የመሳሰሉትን የሚቆጥር ነው) ከመቶ ጥንድ 67ቱን ብቻ ነበር የለየው። ያም ሆኖ በአገሪቱ በሥራ ላይ ከነበረውና 55ቱን ብቻ ከለየው መመሪያ ይሻል ነበር።

ሌላም ወጥመድ አለ። «አደጋው በእጥፍ ይጨምራል» የሚል ዐረፍተ ነገር ስናነብ ልባችን ይደነግጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶው 20 በሚሞቱበት ቡድን ውስጥ አደጋው እጥፍ ሆነ ማለት ከመቶው 40 ይሞታሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ «አስጊ» የተባለ ቁጥር ካላቸው መቶ ሰዎች 60ዎቹ ከዓመት በኋላም ይኖራሉ። አንድ ቤተሰብ ፊት ቀርቦ «አባታችሁ ከ40ዎቹ ናቸው ወይስ ከ60ዎቹ?» የሚለውን መመለስ የሚችል የደም ምርመራ የለም።

ቁጥሩ ራሱም እንደ ቀኑ ይለዋወጣል። በቂ ውሃ ያልጠጣ አረጋዊ ደሙ ስለሚወፍር አልቡሚኑም ሄሞግሎቢኑም ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በወረቀት ላይ የሚያምረው በጣም ሲታመም ነው ማለት ነው። ተኝቶ የተቀዳ ደም ቆሞ ወይም ተቀምጦ ከተቀዳው ዝቅ ያለ አልቡሚን ያሳያል። ከሳምንት በፊት ጉንፋን ይዞት የነበረ ሰው ሲአርፒው አሁንም ከፍ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ወረቀት ብቻ አይቶ ከመፍረድ፣ ያው ሰው ከስድስት ወር በፊት ምን እንደነበረ ማየት የሚበልጠው። እርግጥ ቀጭን ደም ሥር ያላቸውን፣ በመርፌ ክንዳቸው የሚጠቁር፣ ለምን እንደሚወጉ የማይገባቸውን ሰዎች በየወሩ መውጋትም የራሱ ጭካኔ አለው።

ቁጥሩን ማቃናት ሰውየውን ማዳን ነው?

ቫይታሚን ዲ እዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ነው። በ2012 በኦስትሪያ መጦሪያዎች የሚኖሩ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ቫይታሚን ዲያቸው ዝቅ ያለ ሴቶች ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር። ነገሩ ያሳምናል፤ ከቤት የማይወጣ ሰው ፀሐይ አያገኝም። ታዲያ ክኒኑን ሰጥቶ ዕድሜ ማራዘም አይቻልም ወይ? አውስትራሊያ ውስጥ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 21,315 ሰዎች ተመድበው፣ ግማሾቹ በየወሩ 60,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ግማሾቹ የማስመሰያ ክኒን እስከ አምስት ዓመት ወሰዱ። ውጤቱ በ2022 ሲወጣ፣ ቫይታሚኑን የወሰዱት ሞት አልቀነሰም። ተሳታፊዎቹ በየቤታቸው የሚኖሩ ስለነበሩ ስለ መጦሪያ ሙሉ ፍርድ አይሰጥም፤ ለአጥንት ጤና ቫይታሚኑ አያስፈልግም ማለትም አይደለም። ዝቅ ያለ ቁጥር ሲታይ ቁጥሩን መሙላት ዕድሜ ይጨምራል የሚለውን እምነት ግን አናግቶታል። የትኩሳት መለኪያውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ትኩሳት ማብረድ አይቻልም።

በተቃራኒው አቅጣጫም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኮሌስትሮል ለማውረድ የሚሰጠው ስታቲን ጥቅሙ የሚታየው በዓመታት ነው። የቀራቸው ዕድሜ በወራት በሚቆጠር ሰዎች ላይ ምን ይሠራል? በ2015 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ከማይድን በሽታ ጋር የሚኖሩ 381 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን ስታቲን አስቆመ። በ60 ቀን ውስጥ በሁለቱ ወገኖች የሞት መጠን ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ የኑሮ ሁኔታቸውን ሲጠየቁ ግን መድኃኒቱን ያቆሙት የተሻለ ነጥብ ሰጡ። እንደ እኔ ግምት የደም ጠቋሚዎች ትልቁ ያልተሠራበት ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ስንቁ እያለቀ መሆኑን ያወቀ ሐኪም በቀን ከሚዋጡት ዐሥር ክኒኖች የትኞቹ ከእንግዲህ ፋይዳ እንደሌላቸው ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛል።

ሌላው ጥቅም ንግግር ነው። በ2010 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በመጦሪያ እያሉ የሞቱ ሰዎችን ወደኋላ ተመልሶ ሲቆጥር፣ ግማሾቹ ከገቡ በአምስት ወር፣ 65 በመቶዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ መሞታቸውን አግኝቷል። ብዙ ቤተሰብ ግን መጦሪያን የሚያስበው ለዓመታት መቆያ አድርጎ ነው። በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት፣ በቦስተን አካባቢ በ22 መጦሪያዎች የሚኖሩ የመርሳት በሽታቸው የከፋ 323 ሰዎችን ለ18 ወራት ተከታተለ፤ ከግማሽ በላይ፣ 54.8 በመቶው ሞቱ። ውሳኔ የሚሰጡላቸው ዘመዶች በሽታው ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚያስከትል የተረዱ እንደሆነ፣ አረጋውያኑ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ወደ ሆስፒታል መመላለስን፣ በቱቦ መመገብንና የመሳሰሉትን አድካሚ ሕክምናዎች የማየት ዕድላቸው በእጅጉ ያነሰ ነበር። እዚህ ላይ ለውጥ ያመጣው አዲስ መድኃኒት አልነበረም። ልዩነቱ የታየው ዘመዶቹ የሚመጣውን ቀድመው በተረዱበት ነው።

ያው ቁጥር በሌላ እጅ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በመጋቢት 2020 ኮቪድ-19 ሲስፋፋ በእንግሊዝ የወጣ ብሔራዊ መመሪያ፣ ማን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢገባ እንደሚጠቀም ለመወሰን በ2005 በካናዳ በሰባት ደረጃ ተሠርቶ በኋላ ወደ ዘጠኝ ደረጃ ያደገውን የአቅም መድከም መለኪያ እንዲጠቀሙ ሐኪሞችን መከረ። በቀናት ውስጥ ተቃውሞ ተነሣ፤ ረጅም ዘመን የአእምሮ ወይም የአካል ጉዳት ይዘው በደህና የሚኖሩ ወጣቶች በዚህ መለኪያ እንደ ደከመ ሽማግሌ ሊቆጠሩ ነበር። መመሪያው ወዲያው ታርሞ መለኪያው ለነሱ እንደማያገለግል ተጻፈ። መለኪያው ክፉ አልነበረም። ለመንከባከብ የተሠራ ነገር ለማጣራት ሲውል የሚሆነው ይህ ነው። ከአንድ የደም ጠብታ የሚወጣ «የሞት አደጋ ነጥብ» ደግሞ ከሐኪም ዓይን ይልቅ በቁጥርነቱ የሚታመን ስለሆነ፣ ለከፋዩ ወይም ለአስተዳዳሪው የበለጠ ይመቻል። ነጥቡ በማን መዝገብ ይቀመጣል? አረጋዊው ማወቅ ባይፈልግስ? የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ለእንዲህ ያለ ምርመራ ፈቃዱን እንዴት ይሰጣል? ጠቋሚዎቹን በየዓመቱ ከሚያሻሽሉት ጥናቶች ብዛት አንጻር፣ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱት በጣም ጥቂት ናቸው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የተዘነጋ ርካሽ መሣሪያ አለ፤ ሚዛን። በአሜሪካ መጦሪያዎች ምዘና ላይ በአንድ ወር 5 በመቶ፣ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ ክብደት የቀነሰ ነዋሪ በአስቸኳይ ሊታይ እንደሚገባ ይቆጠራል። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በወር ሦስት ኪሎ ቀነሰ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ መርፌ አያስፈልግም። ምግብ የሚያቀርቡ ሠራተኞች ደግሞ ከሚዛኑም ቀድመው ያውቁታል፤ ሳህኑን መልሰው የሚወስዱት እነሱ ናቸውና።

ወደ 88 ዓመቷ እናት እንመለስ። ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ ልጃቸውን «ባለፈው ወር ምሳቸውን ይጨርሱ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ልጅቱ አታውቅም፤ የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። በሩ አጠገብ የቆመችው ተንከባካቢ ግን መለሰች፦ ከአራት ሳምንት ወዲህ ግማሹን ይተዋሉ፣ በግራ በኩል ማኘክ አቁመዋል፣ ሌሊት ይነቃሉ፣ አንድ ጊዜም «ደከመኝ፣ አትቀስቅሱኝ» ብለዋል። ሐኪሙ መጀመሪያ አፋቸውን ከፍቶ አየ፤ ከዚያ ጀርባቸውን። ከዚያ የመድኃኒት ዝርዝራቸውን አስመጣ። ከዚያ ወንበር ስቦ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠና፣ ከልጃቸው በፊት እሳቸውን «እማማ፣ ከእንግዲህ ምን እንድናደርግልዎ ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።